ፔ የሌላት ጠመንጃ

ማርች 2

ከካስፓር ጋር የአባባን ቤት ስናጸዳ ዋልን። አባባ ከገና በዓል በፊት ወድቆ ዳሌውን ከሰበረ ወዲህ ታች መንደር፣ የአረጋውያን ቤት ነው ያለው። ወደዚያ ቀጥ ያለ ደረጃ እንደማይመለስ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ወንድሜ ብቻ በተግባር ተናገረው፤ ከከተማ ተጎታች መኪና ተከራይቶ መጣ።

"ሎቲ፣ ሦስት ዓመት ያልተነካ ነገር ሁሉ ይጣላል" አለኝ።

"እንደሱ ከሆነማ ካንተ እንጀምር" አልኩት። ሳቀ። ካስፓር ሲሰደብ ይስቃል፤ የኢንሹራንስ ሰው ስለሆነ ለምዶታል።

ጣሪያው ሥር፣ ከአሮጌዎቹ የበረዶ መንሸራተቻዎች ጀርባ፣ ረጅም የእንጨት ሳጥን ነበር። ከፈትነው። በወታደር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠመንጃ። ካስፓር "ደግሞ ሌላ ጠመንጃ!" ብሎ ሊዘጋው ነበር፤ በአባባ ቤት ጠመንጃ እንደ መጥረጊያ ነው፣ በየጥጉ አለ። እኔ ግን ብርድ ልብሱን ገልጬ እጁን ያዝኩት። ባለመነጽሯ የሃምሳ አምስት ሞዴል ናት! ሠራዊቱ ለአነጣጣሪዎቹ ብቻ ያሠራት፣ በመጽሐፍ ካልሆነ በዓይኔ አይቻት የማላውቃት። መነጽሯ ከነቆርቆሮ ጣሳው አለ። መነጽሩም ጠመንጃዋም ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ አብረው ከፋብሪካ ወጥተው ሳይለያዩ ኖረዋል ማለት ነው። ሰብሳቢ ነን የሚሉት ሰዎች ይህን ቢያዩ ያለቅሳሉ።

አንገቷ ላይ ያለውን ብረት በጣቴ ጠራርጌ አየሁ። በዚህም በዚያም አገላበጥኳት።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አለ ካስፓር። የዚህ ሸለቆ ልጅ ሆኖ ይህን ይጠይቃል!

"ፔዋን ነዋ! ወታደር አገልግሎቱን ጨርሶ ጠመንጃውን ይዞ ሲቀር ግምጃ ቤቱ 'ፔ' የምትል ፊደል ብረቷ ላይ ይመታባታል። የግል ሆናለች ማለት ነው። ፔ ከሌላት የትም ትቀመጥ የት የሠራዊቱ ንብረት ናት።"

"ታዲያ ፔውን ይመታ የነበረው አባባ አይደለም እንዴ?"

ነው። አባባ ዕድሜውን በሙሉ የወረዳው የጦር ግምጃ ቤት የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር። በዚህ ሸለቆ በየቤቱ ያለ ፔ ሁሉ የሱ እጅ ነው።

ብርሃን ባለበት በደንብ አያታለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ካስፓር ልጆች ስላሉት እኔ ጋ ብትሆን ይሻላል። ልጆቹ ሁለቱም በርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ቢሆንም።

ማርች 4

ብርሃን ባለበት አየኋት። ፔ የላትም።

ማርች 9

አባባን ለማየት ሄድኩ። ከኖልዲ ጋር ካርታ እየተጫወተ ነበር። ኖልዲ የአባባ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱም እዚያው ገብቷል፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፣ አንዱ ሌላውን እያጭበረበረ ይጫወታሉ። "የተኩስ አለቃችን መጣች፣ ኖልዲ ካርታህን ደብቅ!" አለ አባባ። ከሦስት ዓመት በፊት የመንደሩ ተኳሾች ማኅበር የተኩስ አለቃ ሆኜ ስመረጥ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው፣ አሁን ባገኘኝ ቁጥር በዚህ ይቀልዳል።

ኖልዲ ሽንት ቤት ሲሄድ "ጣሪያው ሥር ያለውን ማጽዳት ጀመርን" አልኩት።

ካርታውን አስተካከለ። "ብርድ ልብሱን ቀይሩት። ሱፍ እርጥበት ይይዛል።"

"አባባ፣ የማን ናት?"

"የእኔ ናት።"

በቃ። ኖልዲ ተመለሰ፤ ጨዋታው ቀጠለ። የእኔ ናት ካለ የሱ ናት። አባባ ዋሽቶ አያውቅም፤ ቢዋሽ ኖሮ እኔን ስለ አተኳኮሴ አንድ ቀን እንኳ አያመሰግነኝም ነበር?

ማርች 17

እሁዴን ካስፓር አበላሸብኝ። ሳይነግረኝ ከዙሪክ አንድ ሰብሳቢ ይዞ መጣ፤ አቶ ፎንቪለር ይባላሉ። ስስ ጓንት አድርገው ብርድ ልብሱን ሲገልጡ ሕፃን የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት። ቁጥሮቹን አመሳከሩ፤ መነጽሩን ወደ መስኮት አቅንተው አዩ፤ የትከሻ ማሰሪያዋን አሸተቱ፤ በእውነት አሸተቱት! "ማንም አልነካትም፣ ማንም አላደሳት፣ እግዜር ይስጣቸው አባትዎን" አሉ። ካስፓር እንደ ድመት ሊያንኮራፋ ደርሶ ነበር።

ቀጥለው አንገቷን ገልበጥ አደረጉና ቆሙ። እጃቸውን ከጋለ ምድጃ እንደሚያነሱ አነሱት።

"ፔዋስ?"

ካስፓር ኬኩን አቀረበላቸው።

"እንግዲህ" አሉ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ "ፔ ቢኖራት ነገውኑ ውል ተፈራርመን እወስዳታለሁ። ያለ ፔ ከሆነች እኔ አላየኋትም፣ እዚህ ቤትም አልመጣሁም። ሻዬን ግን እጨርሳለሁ።"

ጨረሱት። ኬኩንም አልተዉትም።

ካስፓር ሸኝቷቸው ሲመለስ "አንዲት ፊደል ናት እኮ! አንዲት!" እያለ ወጥ ቤቴን አንቀጠቀጠው። እኔም ለመሸጥ ከመጀመሪያውም ሐሳብ እንደሌለኝ ነገርኩት። ሕግ ነው ምክንያቴ፤ ሌላ ምንም የለም። ከሄደ በኋላ ወደ ሳጥኗ ከመመለሴ በፊት ትከሻዬ ላይ አሳረፍኳት፤ ክብደቷን ለማወቅ ያህል። ሰው ትከሻዬን ለክቶ የሠራት ነው የምትመስለው። ሰላሳ ዓመት የተኮስኩባቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ለወንዶች ክንድ የተሠሩ ነበሩ።

ማርች 23

ፎን የሚባለው ሞቃቱ የተራራ ነፋስ መጥቶ መንደሩን አሳብዶታል። መስኮቱ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ራሱን ይዟል። በምሠራበት በኬብል ካሩ ትኬት መስኮት ቱሪስቶቹ "መቼ ነው የሚነሳው?" እያሉ ነጩኝ። ነፋሱ ሲተኛ ነዋ! ነፋሱ መቼ እንደሚተኛ ለማን ይነግራል?

ሠራዊቱ የራሱን ንብረት ቢፈልግ ኖሮ እስካሁን መጥቶ ይወስድ ነበር።

ማርች 30

ካስፓር ዛሬ ምሳ ላይ መጥቶ፣ ከማንኪያና ከሹካዬ መሐል አንድ የብረት ማኅተም አስቀመጠ። ጫፉ ላይ ፔ። በኢንተርኔት ነው የገዛው።

"ከጠረጴዛዬ ላይ አንሳልኝ!"

"ስሚኝ፣ ሎቲ። አባባ ስንት ሺህ ጠመንጃ ነው የመታው? አንዷን ረሳት በያ። ስሕተት ማረም ወንጀል ነው እንዴ?"

"ረስቷት ከሆነ ራሱ ይናገራል።"

"ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ምሳውን ምን እንደበላም አይናገር።"

ውሸቱን ነው፤ አባባ ከሃያ ዓመት በፊት የበላውን ምሳ ይናገራል። ግን ረስቷት ቢሆንስ? የሥራ ብዛት፣ ግርግር… ሰው ይረሳል። ካስፓር ማኅተሙን "ረስቶት" ሄደ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ሲመጣ ይወስደዋል።

አፕሪል 6

ጠየቅሁት። ኖልዲ ሐኪም ጋ ስለሄደ ብቻውን ነበር።

"አባባ፣ ፔዋን ረስተሃት ነው?"

ፊቱ ደም መሰለ። "እኔ? እኔ ረሳሁ?" ነርሷ በር ላይ ብቅ ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ነገረኝ። ሞዴሏ ከአገልግሎት ስትወጣ የወረዳው ጠመንጃዎች ሁሉ እንዲመለሱ ትእዛዝ መጣ። መኪናው መጥቶ ሊጭናቸው ነው። እያንዳንዷን ኢላማ ላይ ያስተካከላት እሱ ነበር። "ሌሎቹ ጥሩ ነበሩ" አለ፤ "ያቺ ግን ስሕተት የሚባል አታውቅም። ሳጥኗን ስዘጋ እጄ አልታዘዘኝም። ወሰድኳት።"

"ሰረቅካት ማለት ነዋ?"

"ወሰድኳት አልኩሽ እኮ።"

"እሺ፣ ወሰድካት! ማኅተሙ እጅህ ላይ፣ መዶሻው እጅህ ላይ። አንድ ምት ነበር። ለምን አልመታሃትም? ዛሬ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።"

ለምን እኔን እንዳልሸጠኝ የጠየቅሁት ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። "ፔ ማለት 'ሰጥተነዋል' ማለት ነው። ለእኔ ማን ሰጠኝ? ማንም። ታዲያ እንዴት ብዬ ልምታው?"

"መስረቁ ነው የቀለለህ?"

"መስረቁ የራሴ ኃጢአት ነው፣ ብቻዬን እሸከመዋለሁ። ፔ ግን የሁሉ ሰው ነው። እኔ አንድ የውሸት ፔ ከመታሁ የኖልዲ ጠመንጃ፣ የቄሱ ጠመንጃ፣ ያንቺም… የማንኛችን ፔ ይታመናል?"

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ። አባቴ ሌባ ነው። ሌብነቱንም በሥርዓት ነው የሠራው። አንዲት ካልሲ ስትጠፋ ቤቱን የሚያምስ ሰው የሠራዊት ጠመንጃ ጣሪያው ሥር አስቀምጦ ሲያድር ሲነጋ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው አላውቅም። ሲመሽ ሲመሽ ወደ ጣሪያ ይወጣ የነበረው፣ እናቴ "የርግብ ጎጆ ሊያይ ነው" ትል የነበረው፣ ለዚህ ነበር ማለት ነው። እሷ ታውቅ ነበር? አሁን ማንን እጠይቃለሁ።

ፖሊስ ጋ ወስዶ ማስረከብ ይቻላል። ራሱ ላመጣ ሰው ቅጣት የለውም፤ ይህን በማኅበራችን ስብሰባ በየዓመቱ የማነበው ራሴ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ እወስዳታለሁ።

አፕሪል 13

የዓመቱ የመጀመሪያ ልምምድ። በማኅበሩ ጠመንጃ ተኮስኩ፤ የማይረባ ነጥብ። ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰማኋቸው። "የአባቷን የሜልኪዮርን ዓይን ወርሳለች።" "ዓይኑንስ ወርሳለች፤ ምን ያደርጋል፣ ለካስፓር ነበር የሚገባው።" ካስፓር! በሩን ለመክፈት ቁልፉን አነጣጥሮ የማያስገባው! እነዚህ ሰዎች እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ እያለም ይህንኑ ይሉ ነበር፤ ያኔ አባባ አጠገባቸው ቆሞ ዝም ይል ነበር።

አፕሪል 21

ፋሲካ። በእግሬ ወደ ላይኛው ሸለቆ ወጣሁ። ገና በረዶ አለ፣ ሰው የለም፣ አየሩ ግሩም ነው። ቀኝ ትከሻዬን ትንሽ አሞኛል፤ ረጅሙ ቦርሳ ከብዶኝ ነው።

በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የአየሩ ነገር።

አፕሪል 24

ካስፓር ደወለ። ከድንበር ማዶ፣ ፔ ባይኖራትም የሚገዛ ሰው አግኝቷል። "ወይ ፔ ይመታባትና በሕግ ለፎንቪለር ትሸጣለች፣ ወይ አርብ ሳምንት መጥቼ እወስዳታለሁ። ግማሹ የእኔ ነው፣ ሎቲ፤ አንቺ ጋ አልጋ ሥር ተኝታ ማንን ትጠቅማለች?"

አልጋ ሥር እንደሆነች በምን አወቀ? ድንበር አሻግሮ ሊያሳስራቸው ነው፤ ራሱንም አባባንም! ሰውዬው መነጽሩን ለብቻ፣ ጠመንጃዋን ለብቻ አድርጎ የሚሸጥ ቢሆንስ? ፔ ቢኖራት ግን ማንም በግድ አይወስዳትም። አባባ አንድ የውል ወረቀት ይፈርምልኛል፣ ያልቃል።

አይፈርምም። አውቀዋለሁ።

አፕሪል 26

ዝናብ። ምንም አልሠራሁም።

አፕሪል 27

አውራ ጣቴ ጠቁሯል። ትኬት መስኮቱ ላይ ባልደረባዬ ዶሪስ አየችው።

"ምን ሆንሽ?"

"ሥዕል ስሰቅል ነው።"

"የምን ሥዕል?"

"የተራራ።"

"እግዚኦ! በመስኮትሽ ሁለት ተራራ ፊት ለፊት እያየሽ ሦስተኛ አማረሽ?" ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

ብረትን በዘይትና በጠንካራ ሻይ ማጥቆር ይቻላል። አባባ ነው ያስተማረኝ።

ሜይ 4

ካስፓር ትናንት ሊወስዳት መጥቶ ፔዋን አየ፤ ዛሬ ፎንቪለርን መልሶ አመጣቸው። ሰውዬው አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፣ አንገቷ ላይ አጎነበሱ፣ እና ብዙ ቆዩ። ካስፓር ወደ እኔ ጠቀሰ። እኔ ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።

ቀና ሲሉ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ሆኗል። "ወይዘሮ ኢምዶርፍ፣ ይህቺ ባለፈው አልነበረችም።"

"አላስተዋሏትም ይሆናል።"

"እኔ?" አሉ፤ ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው። "ሁለት ጊዜ ነው የተመታችው፤ ጠርዟ ገና ስል ነው። ሻይ ነው የተቀባው? ይሸተኛል። ባለፈው ሕገወጥ ነበረች፣ ግን ንጹሕ ነበረች። አሁን ሕገወጥም ናት፣ የተበላሸችም ናት። ስንት ዓመት ማንም ሳይነካት ኖራ…" ሳይጨርሱ ብድግ አሉ። በር ላይ ደግሞ ዞረው "አባትዎ የግምጃ ቤት ሰው አይደሉም? ሰው ይህን ካየ ሌሎቹንም ፔዎቻቸውን ይጠረጥራል። ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ምክሬ ነው" አሉ። ሻዩን አልነኩም።

ካስፓር "ማን እንደዚህ ምቺ አለሽ!" አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ማኅተሙን መሳቢያዬ ውስጥ የተወው ማን ነው? ጮህኩበት፣ ጮኸብኝ፣ ሄደ።

እኔ ነኝ። እዚህ እንኳ ልጻፈው። ያን ዝናባማ ቀን ብርድ ልብሱ ላይ አስተኝቼ መታኋት። የመጀመሪያው ሳስቶ ስለታየኝ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ላይ ጣቴን አገኘሁት። ከካስፓር ላድናት ብዬ ነው። ለአባባ ብዬም ነው።

የእኔ እንድትሆን ፈልጌ ነው።

ሜይ 6

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ሺልድ ነው ያነሳው፤ ደግ ሰው ነው፣ የማኅበራችን አባል ነው። "አምጪያት ሎቲ፣ ፈርመሽ ትሄጃለሽ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ከጣሪያው ሥር የሆነ ነገር ያመጣል" አለኝ። ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ አባባ ምንም አያውቅም፣ ልል አስቤ ነበር።

ለአባባ ስነግረው ኮቱን ጠየቀ። "የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ የምመልሳትም እኔ ነኝ።"

"ነገ ነው እኮ ቀጠሮው።"

"እሺ፣ ነገ ኮቴን አምጪልኝ።"

ፔውን አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ? ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። አያየውም።

ሜይ 7

በሰላም ወጥቼ በሰላም ተመለስኩ ልበል?

አባባ የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ሳጥኗን እኔ ይዤ፣ እሱ በክራንቹ ከፊት ከፊት እየሄደ ገባን። ሺልድ ከወንበሩ ተነሳ። "አቶ ኢምዶርፍ፣ ምነው እርስዎ ተቸገሩ፣ እሷ ብቻዋን በቂ ነበረች።"

"እሷ ምን አገባት። የወሰድኳት እኔ ነኝ" አለ አባባ፣ ዳቦ እንደሚገዛ ሰው ረጋ ብሎ። "ከግምጃ ቤቱ። ስትጨርሱ እሰሩኝ ከፈለጋችሁ።"

ሺልድ ሳቁን ዋጠ። ይህን ያህል ዓመት ያለፈውን ነገር ማንም ክስ እንደማያደርገው ነገረው። ሁሉም ነገር ቀላል ሊሆን ነበር። ከዚያ ጠመንጃዋን አውጥቶ ቁጥሯን ሊጽፍ ሲያገላብጣት ቆመ።

"ፔ አላት እኮ! ታዲያ ምኑን ሰረቁ?"

አባባ እጁን ዘረጋ። ሺልድ አቀረበለት። አባባ አንገቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እኔን አላየኝም።

"ይህ የማን ነው?" አለ ሺልድ። ድምፁ ተለውጧል፤ እሱም ቤቱ የአባባ ፔ ያለባት ጠመንጃ አለችው። "ይህን ማን መታው፣ አቶ ኢምዶርፍ?"

"እኔ" አለ አባባ።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ሺልድ ጻፈ።

አባባን በመኪናዬ መለስኩት። መንደሩ ጋ ስንደርስ "አንድ ምት ነው መሆን ያለበት" አለኝ። "መዶሻውን አጋደልሽው። ክርንሽን ካላሳረፍሽ ሁልጊዜ ያጋድላል።"

ሜይ 13

ወሬ ከእኛ ኬብል ካር ይፈጥናል። ሱቁ ውስጥ ዳቦ ስመርጥ ከመደርደሪያው ማዶ፣ "የሜልኪዮር ፔ ውሸት ነው አሉ።" "ሁሉም?" "ማን ያውቃል! እኔ የእኔን ዛሬ ላሳይ ነው።" "አይ ሜልኪዮር! ሲሰርቅ ይሁን እሺ፣ ሰው ነው። ግን ፔ!"

ዳቦውን ሳልይዝ ወጣሁ።

ሜይ 16

አባባ ብቻውን ይበላል። ኖልዲ ትሪውን ይዞ መስኮቱ ጋ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶ። "ሾርባው ጥሩ ነው ዛሬ" አለኝ አባባ። ሾርባው አልተነካም። ካርታው ከፊቱ ተደርድሯል፤ ብቻውን በሁለት እጅ ይጫወታል።

"ልናገር አባባ?"

"ምኑን?" አለ። ከዚያ፣ "አንቺ ገና ብዙ የምትተኩሺበት ዓመት አለሽ። እኔ ምን አለኝ።"

ይህን ሰው አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጥሩ ቃል ስጠብቀው ኖርኩ። ሲመጣ እንዲህ ሆኖ መጣ።

ሜይ 19

ኖልዲ ልምምድ ላይ በታክሲ መጥቶ ነበር፤ ለመተኮስ አይደለም፣ ጠመንጃውን ለማሳየት። ፔዋን ለሁሉም ያሳያል። "እዩት እስቲ፣ እውነት ነው? ሚስቴን ካገባሁ ጀምሮ የያዝኳት ናት። የእኔ ትሁን የሠራዊቱ አላውቅም።" ሰዎቹ እያጎነበሱ ያያሉ፣ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አንዱ "ሎቲን ጠይቃት" አለ። ኖልዲ አየኝና፣ "እሷ ምን ታውቃለች፣ ምስኪን። አባቷ ነው" አለ።

ምስኪን አለኝ። ኢላማ መቁጠር አቃተኝ። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ሜይ 25

የሜዳ ተኩስ በዓል። ከአምስቱም መንደር ሰው መጥቷል፤ ቋሊማው ይጠበሳል፣ ባንዱ ይነፋል፣ ሁሉም ጆሮው ላይ መሸፈኛ አንጠልጥሏል። የተኩስ አለቃ እኔ ስለሆንኩ ማይኩ እኔ ጋ ነው። "ጫን! ተኩስ! አቁም!" ስል ዋልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ እኔው ገረመኝ።

የመጨረሻው ዙር አልቆ ጠመንጃዎቹ ባዶ መሆናቸው ሲረጋገጥ ማይኩን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም። ያልኩት ይህን ነው፤ አጠር አድርጌ፦

"ሎቲ ኢምዶርፍ ነኝ። አባቴ አንድ ጠመንጃ ከግምጃ ቤቱ ወስዷል። ፔውን ግን እሱ አልመታውም። በአፕሪል ወር እኔ ነኝ የመታሁት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ። እሱ በዚያች ጠመንጃ ላይ ፔ መምታት መዋሸት ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ እምቢ አለ። በየቤታችሁ ያለው የሱ ፔ ሁሉ እውነት ነው። ይኸው ነው።"

ባንዱ ጸጥ አለ። ቋሊማው ብቻ ይንጫጫል። ከኋላ አንድ ሴት "ወይ ጉድ!" አለች። ካስፓር በበርሜሉ አጠገብ ቢራውን ይዞ ድንጋይ ሆኗል። የማኅበራችን ፕሬዚዳንት መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ የተኩስ ሜዳውን ቁልፍ ሰጠሁት። ለመሰደብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም አልሰደበኝም። መንገድ ለቀቁልኝ፣ እንደ ሕመምተኛ።

ሜይ 28

ሺልድ ጠርቶ ቃሌን ተቀበለ። የእኔ ጉዳይ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ቅጣቱ ይመጣል፣ የመተኮሻ ፈቃዴም ይወሰዳል፣ ምናልባት ለዓመታት። ይሁን። ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ "ሎቲ፣ ጠመንጃዋን በተመለከተ… ብትሰሚው ይሻላል ከእኔ" አለ።

የሠራዊቱ ታሪካዊ ክምችት እንዲህ ያለች፣ ከነመነጽሯ ከነቁጥሯ የተሟላች፣ ከፈለገ ቆይቷል። እንዳለች ብትመጣ ኖሮ ይወስዷት ነበር። የሐሰት ማኅተም ያረፈበትን ግን አይቀበሉም፤ ደንብ ነው። ትቆረጣለች። ትቀልጣለች።

"መነጽሩስ?"

"እሱም።"

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሷ ይመስለኛል። ከዘመኗ ሁሉ ያበላሻት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የወደዳት።

ጁን 2

በሩን ስከፍት ኖልዲ ወደ ድሮው ቦታው ተመልሷል። ተፋጠዋል።

"አንድ ጠመንጃ ሰርቀሃል አሉ።"

"አዎ፣ አንድ።"

"አንድ ብቻ?"

"አንድ ብቻ ነው።"

"ታዲያ እንደሱ አትለኝም፣ አንተ ሽማግሌ! ፔ ዋሸህ ብለው እኔን ወር ሙሉ ከነርሷ ጋር አስበሉኝ! ሌባ ብቻ መሆንህን ባውቅ ኖሮ…" ካርታውን ነጠቀው። "ደልድል።"

አባባ አልደለደለም። ወደ እኔ ዞረ። ማይኩ ላይ ያልኩትን ሰምቷል፤ እዚህ ቤት ሁሉም ሰምቷል። "ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኖልዲ እንዳይሰማው ይመስል፣ "ጠመንጃዋስ? የት ሊያደርጓት ነው?" አለ።

ሺልድ ያለኝን ልነግረው ነበር። በእርግጥ ልነግረው ነበር የሄድኩት።

"ሙዚየም" አልኩት። "በመስታወት ውስጥ ያደርጓታል።"

"ከነመነጽሯ?"

"ከነመነጽሯ።"

አሰበ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ መታ። "ፔው ያለበት ጎን ይታያል?"

"አይታይም፣ አባባ። እሱን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞሩት።"

"ጥሩ" አለ። ካርታውን ደለደለ፤ ለሦስት ሰው።